በተሳቢ የመጣ ፊዚክስ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢንጂነር ጀማሉዲን፣ ጅቡቲ ወደብ

እንደምን ከርመሃል? የወደቡ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ቀለሙም ደህና ነው። እኔም ፋብሪካው ሽመና ክፍል እንደነበርኩ ነኝ፤ ማሽኑ ጆሮዬን ቢያደነቁረውም ዓይኔ ገና አልከዳኝም። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ወጥቼ እናትህን እማማ ሸሪፋን ሸዋ በር ሰፈር ቤታቸው ጠይቄያቸዋለሁ። ነጭ ቆብ አጥልቀህ ክሬኑ ሥር የተነሣኸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለገባ ለወጣው "ኢንጂነሩ ልጄ" እያሉ ያሳያሉ።

የኔ አያትና ያንተ አያት ኩታበር ላይ ካንድ ማጀት የወጡ ወንድምና እህት ናቸው። ዝምድናችን ራቅ ቢልም ዛሬ የማስቸግርህ እሱን ተማምኜ ነው።

ጉዳዩ የልጄ የሀኒ ነው። አንተ ስትሄድ ጥርሷን የምትነቅል ሕፃን ነበረች፤ አሁን አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ፊዚክስ ሞዴል ተፈትና ከመቶ ሠላሳ አንድ አመጣች። ብቆጣት ምን አለችኝ? "ፊዚክስ ምን ያደርግልኛል? ጋሼ ጀማሉዲን ከአስራ ሁለት ወጥቶ ጅቡቲ ገብቶ ኢንጂነር ሆኗል። እኔም እሱ ዘንድ እሄዳለሁ።" ሻንጣ ሁሉ ጠይቃኛለች።

"ትምህርቱ እኮ ቀላል ነው፣ ያልከፈትሽው አንቺ ነሽ" አልኳት። "ቀላል ከሆነ አንቺው ተፈተኚዋ!" አለችኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ "እፈተናለሁ!" አልኩ። መቼም ታውቃለህ፣ ትምህርቴን አስራ ሁለተኛ ላይ ያቋረጥሁት እሷኑ አርግዤ ነው። በማግሥቱ ለማታ ትምህርት ልመዘገብ ሄድኩ። መዝጋቢው "ልጅዎ የታለች?" አለኝ። "ቤት ናት፣ የምመዘገበው እኔ ነኝ" አልኩት። ሀኒም "አንቺ እስከተማርሽ ድረስ እኔም እማራለሁ" ብላለች። የያዛት ይህ ቃሏ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ እዚያ ያደረሰህ ፊዚክስ መሆኑን ጽፈህ ላክላት። ሁለተኛ፣ ያልገባኝን አስረዳኝ። ለምሳሌ ድንጋይ ሽቅብ ተወርውሮ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ይላል። ይሄ ገብቶኛል። አክስለሬሽኑስ፣ የፍጥነቱ መለወጥ የሚሉት፣ እሱም ዜሮ ነው?

ስልኬን ሀኒ ስለምታየው በወረቀት መጻፍ መርጫለሁ። አድራሹ በሺር የሚባል የደጋን ልጅ ነው፤ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት በተሳቢ ያመላልሳል።

ደጉን ሁሉ ያሰማህ።
እህትህ አረጋሽ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አረጋሽ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። በያላችሁበት አላህ ይጠብቃችሁ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልስ የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው፤ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ነው።

ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜ መማርሽ አስደስቶኛል። ትምህርት ጥሩ ነው። ለሀኒም ትምህርት ጥሩ ነው በያት። በሰፊው እጽፍላት ነበር፣ ጊዜ አጠረኝ።

ጥያቄሽን በሚገባ መርምሬዋለሁ። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆሟል። የቆመ ነገር ደግሞ ቆሟል። ስለዚህ ፍጥነቱም ዜሮ፣ አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው። ጉዳዩን እዚህ ከባልደረቦቼ ጋርም ተነጋግረንበታል። አብሽሪ፣ በዚህ ላይ አትጠራጠሪ።

በሺር ሲመለስ ትንሽ በሶ ብትልኪልኝ። ደግሞ ከኮምቦልቻ ገበያ ወፍራም የሥራ ጓንት ሁለት ጥንድ፤ የዚህ አገሩ ቶሎ ይቀደዳል። ለእናቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሥራ ላይ ነው በያት።

ወንድምሽ ጀማሉዲን


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጀማሉዲን፣ ደህና ነህ?

በሶውንና ጓንቱን በበሺር እጅ ልኬልሃለሁ። እኔን ያገኘኝን ልንገርህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ የማጠናከሪያ ክፍል አለን። እኔና ሀኒ የሐረጎን ዳገት ባንድ ሚኒባስ እንወጣለን፤ ክፍል ስንገባ ግን እሷ ፊት ወንበር፣ እኔ ኋላ ወንበር ነን። መምህሩ ወንድምአገኘሁ ይባላል፣ የሀያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ያንን የድንጋይ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈና "አክስለሬሽኑ ስንት ነው?" አለ። አርባ ተማሪ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። እኔ እጄን አወጣሁ።

"ዜሮ ነው" አልኩ።

"አይደለም ወይዘሮ አረጋሽ።"

"ነው እንጂ! ወንድሜ ጅቡቲ ወደብ ኢንጂነር ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ተነጋግሮበት ዜሮ ነው ብሏል።"

ልጁ ጨዋ ነው፣ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። "ዜሮ ከሆነ ድንጋዩን ማን ያወርደዋል?" አለኝ። "ጫፍ ላይም ሆኖ መሬት እየሳበችው ነው። መሳቧን ብታቆም እዚያው ተሰቅሎ ይቀር ነበር። ይሄኔ የደሴ ሰማይ በድንጋይ ተሞልቶ ፀሐይ አናይም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰልህ! ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ "እትዬ ዜሮ" ሆኗል።

መሳቃቸውን እንኳ ችዬው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ግን ሀኒ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አየሽ እማዬ፣ ጋሼ ጀማሉዲን ይህንን ሳያውቅ ነው ኢንጂነር የሆነው። እኔ የምልሽ ይህንኑ ነው!" አለችኝ። ትናንት ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ተነሥታ መጽሐፏ ውስጥ ሸጉጣው አገኘሁ።

ልጄን እያጣኋት ነው ጀማሉዲን። አፈር ስሆን፣ ያለውን እንዳለ ጻፍልኝ።

አረጋሽ


ጅቡቲ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አረጋሽ

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰሽ። ጾማችን ዘንድሮ ገጥሟል፤ እኔም ረመዷን ይዤያለሁ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ወር ሙሉ እየጀመርሁ ስቀድደው ከረምሁ። ጾም ሲገባ ግን ተሸነፍሁ፤ ምግብ ከልክሎ ውሸት የሚፈቅድ ጾም የለም።

ወላሂ እትዬ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም።

ሥራዬ ጭነት ላይ ገመድና መንጠቆ ማሰር ነው። አስሬ ስጨርስ ለክሬን ነጂው በእጄ ምልክት እሰጣለሁ፣ እሱ ያነሣል። ያ ነጭ ቆብ የአለቃችን ነው፤ ለፎቶ አምስት ደቂቃ አውሶኝ ነው። የኔው ቢጫ ነው፣ ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል።

ወሬው እንዴት እንደተወለደ ልንገርሽ። እናቴ "ምን ላይ ትሠራለህ?" አለችኝ። "ክሬን ላይ" አልኳት። እሷ ለጎረቤት "ክሬን ያዝዛል" አለች። ጎረቤት "ኢንጂነር ነዋ!" አለ። እኔ አልዋሸሁም፣ ዝም አልሁ እንጂ። ዝም እንዳልኩ አስራ ሁለት ዓመት አለፈ።

አገር ጥዬ የወጣሁትም ያው በፊዚክስ ምክንያት ነው። ከመቶ አስራ ስምንት አምጥቼ የእናቴን ዓይን ማየት አቃተኝ። የድንጋዩን መልስ ደግሞ ያገኘነው በድምፅ ብልጫ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ሆነን ተከራከርን፤ አራቱ ዜሮ ነው አሉ፣ አንዱ አይደለም አለ። አንዱን ሞኝ ብለን ስቀንበታል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ከፊዚክስ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጭነት በሁለት ገመድ ሲነሣ፣ ገመዶቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ ክብደቱን እኩል ይካፈላሉ። እግራቸውን አንፈራጥጠው ከታሰሩ ግን ሸክሙን መሸከም ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ መጓተት ይይዛሉ። ባንፈራጠጡ ቁጥር ውጥረቱ ይብሳል። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን መቶ ሃያ ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ ገመድ ሸክሙን ብቻውን የያዘ ያህል ይወጠራል። ጣሀ የሚባል ጓደኛችን ይህን ሳያውቅ አሰረ፤ ገመዱ ተበጥሶ እግሩን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ማዕዘን በዓይኔ እለካለሁ።

ለሀኒ የጻፍኩት በተለየ ወረቀት ውስጥ አለ። አንድም ሳልደብቅ ጽፌላታለሁ፤ ስምንት ሆነን ባንድ ክፍል እንደምናድር፣ ሐምሌ ላይ የክሬኑ ብረት እጅ እንደሚልጥ፣ ለሷ የሚሆን ሥራ እንደሌለ። ስጫትና ታንብበው። ከዚያ የፈለገችውን ትጥራኝ።

ለእናቴ ግን እንዳትነግሪያት። አንድ የቀረኝ ሰው እሷ ናት።

ጀማሉዲን


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማሉዲን

እንኳን ለኢድ አደረሰህ፤ ዓመት ዓመት ያድርስህ። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድሁ፣ ቀጥሎ አለቀስሁ። የድምፅ ብልጫው ላይ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ የሽመና ክፍሉ ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ወረቀቱን ለሀኒ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ ደገመችው።

"አስራ ስምንት?" አለች።

"አስራ ስምንት" አልኳት።

"እኔኮ ሠላሳ አንድ ነው ያመጣሁት!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። "ስምንት ሰው ባንድ ክፍል?" አለች። ተነሥታ የፓስፖርት ፎቶዎቹን አወጣችና "ለፈተና መታወቂያ ይሆናሉ" ብላ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻቸው። በማግሥቱ መጽሐፉን ስትከፍት በዓይኔ አየሁ።

የገመዱን ነገር ለመምህር ወንድምአገኘሁ ነገርሁት። ሰሌዳ ላይ ሣለው፣ በሳይንና ኮሳይን አስላው፣ መቶ ሃያው ላይ ሲደርስ እውነትም ያልከው ወጣ። ጠመኔውን እንደያዘ ዘወር ብሎ "ይህን ማን ነገረዎት?" አለኝ።

"ወንድሜ" አልኩት። "ጅቡቲ ወደብ መንጠቆ ያስራል።" ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ፊት ወንበር እንዲሰማ።

"ሰማችሁ?" አላቸው። "ሰውዬው ኮሳይን ሳይማር ይህን ያውቃል። እናንተ ኮሳይን ተምራችሁ ይህን አታውቁም።" ማንም አልሳቀም። እኔም የጓሮዬ የልብስ ማስጫ ገመድ ለምን በየወሩ እንደሚበጠስ ያን ዕለት ገባኝ። እንደ ክራር ጅማት ወጥሬ ነበር የማስረው። አሁን ረገብ አድርጌዋለሁ፤ ቀለሙ "ይሄ ገመድ ሰነፈ" ይለኛል።

አሁን ፊልድ የሚባለው ላይ ደርሰናል። እሱን እኔ ላስረዳህ። ፊልድ ማለት አንዱ ሌላውን ሳይነካው ኃይሉ የሚሰማበት አካባቢ ነው። ማግኔት ብረትን ሳይነካ ይስብ የለ? አማቴን አስባት። ገና ኩታበር ሆና "ልመጣ ነው" ስትል እኔ ኮምቦልቻ ቤት መጥረግ እጀምራለሁ። አልነካችኝም፣ ግን ተገፋሁ። ሁለት ቻርጆች፣ ኤሌክትሪክ የያዙ ነገሮች ማለት ነው፣ ሲራራቁ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል ይላል መጽሐፉ። ይሄ ለአማቴ አልሠራም። እሱን ለመምህሩ አልነገርሁትም።

ለእማማ ሸሪፋ ምንም አልተነፈስሁም። አንተ ግን አስብበት።

እህትህ አረጋሽ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አረጋሽ

አሰላሙ አለይኩም፤ እንኳን ለትንሣኤ አደረሰሽ። ሀኒ "ከአስራ ስምንቱ ለሠላሳ አንዷ" ብላ የላከችልኝን ሰላምታ በሺር አድርሶኛል። ይገባኛል፣ ተቀብያለሁ።

ያንቺ አማት እዚህ ዝና አውጥታለች። ብረታ ብረት በማግኔት የምታነሣ አንዲት ክሬን አለችን። የፊልዱን ነገር ለነጂው ካነበብሁለት ወዲህ "አማቲቱን ቀስቅሷት!" እያለ ነው የሚያስነሣት። ሱማሌዎቹ ሠራተኞች ሳይቀሩ "አማቲቱ" ይሏታል፤ ስሟ የመሰላቸውም አሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትስቂ። በሶው ይቅርና የሀኒን የፊዚክስ መጽሐፍ ኮፒ አስደርገሽ ትልኪልኛለሽ? ምሳ ሰዓት ላይ ጥላው ሥር ስቀመጥ እጄ ባዶ ሆኖ ይቸግረኛል።

ባለፈው በላክሽልኝ ማስታወሻ ላይ "አተም አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው" የሚለውን ለበሺር አነበብሁለት። ተቆጣ! "አርባ ቶን ብረት ጭኜ ባቲ ዳገት ላይ ሞተር ያቃጠልሁት ባዶ ቦታ ተሸክሜ ነው?" አለኝ። "ብረቱ ከአተም ነው የተሠራው፣ አተሙ ደግሞ አብዛኛው ባዶ ነው" አልኩት። "ታዲያ ሚዛን ላይ ስቆም ባዶውን ለምን ቆጠሩብኝ?" ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ሄደ። ክብደቱ ሁሉ ማለት ይቻላል መሐል ላይ ካለችው ከኒውክለሷ መሆኑን የሚቀጥለውን ገጽ ሳነብ ነው ያወቅሁት። እዚያ ብታገኚው ንገሪው፣ አኩርፎኛል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ኒውክለስ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ሁሉም ፖዘቲቭ ናቸው። ፖዘቲቭና ፖዘቲቭ ደግሞ ይገፋፋል። ታዲያ እንዴት አንድ ላይ አደሩ? እኛ ስምንታችን አብረን ማደር አቅቶናል።

ለኢድ ስደውል እናቴ "ኢንጂነሩ ልጄ" አለችኝ። ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

ጀማሉዲን


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማሉዲን

እንደምን ሰንብተሃል? መጽሐፉ በኮፒ ተጠርዞ፣ ጓንቱም ተጨምሮ በበሺር እጅ ይመጣል። በሺር ታርቋል፤ ኒውክለሷን ካስረዳሁት በኋላ "እሷንማ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን አለ" አለ።

ፕሮቶኖቹ አይገፋፉም አልተባለም፣ ይገፋፋሉ። ግን በጣም ተጠጋግተው ሲገኙ ከግፊያው የሚበልጥ ሌላ የሚይዝ ኃይል አለ። ጥቂት ከራቁ አይሠራም። ላንተ ክፍል መፍትሔ ይሆናል ብዬ ግን አላስብም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ጓንቱን ገዝቼ በእማማ ሸሪፋ ቤት በኩል አለፍሁ። ከፌስታሉ ብቅ ብሎ አዩት።

"ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለጀማሉዲን" ብዬ ምላሴን ነከስሁ።

"ኢንጂነር የላም ቆዳ ጓንት ምን ያደርግለታል?" አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ጓንቱን እያገላበጡ "አትጨነቂ ልጄ" አሉኝ። "ፎቶውን ስሰቅለው መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። የሠራ እጅ አላውቅም? ኩታበር ስንት ገበሬ ቀብሬያለሁ! ደግሞስ፣ ሳይሄድ የገጠመልኝን በር ተመልከቺው። መቀርቀሪያው ከውጭ ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጥ በድንጋይ አስደግፌ ነው የምተኛ። እንዲህ ያለ ኢንጂነር የት አገር አለ?"

"ታዲያ ለምን 'ኢንጂነሩ ልጄ' ይላሉ?"

"እሱ ዝም ሲል የሚያፍር መሰለኝ። እሱ ለኔ ብሎ ዝም ይላል፣ እኔ ለሱ ብዬ አወራለሁ። ልጄ በሕይወት አለ አይደል? የቀረውን አላህ ያውቃል።"

ደውልላቸው። ዛሬውኑ ደውል።

ፈተናው ሊደርስ ነው። ደሴ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተን እዚያው እያደርን እንፈተናለን፣ እኔም ሀኒም። ፍራሽ አላስፈራኝም፤ የፈራሁት አማቴን ነው። "የማን ቤት ልታድሪ ነው በዚህ ዕድሜሽ አንሶላ የምትሸክፊው?" ብላኛለች።

በዱዓህ አስበን።
አረጋሽ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አረጋሽ፣ አሰላሙ አለይኩም።

በሺር ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ነው። ደወልሁላት። እውነቱን ነገርኋት፤ አንድ ሰዓት አወራን። ከዚያ ውስጥ አርባ ደቂቃው ስለ በሩ ነበር። መቀርቀሪያውን እንዲያዞርላት ለጎረቤት ልጅ በስልክ አስረዳሁ፤ ኢንሻአላህ አሁን ከውስጥ ይዘጋል። ልንሰናበት ስንል "አንተ መንጠቆ አሳሪ፣ በደንብ ብላ" አለችኝ። ከስልኩ ማዶ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ጓንቴን ዓይኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

አላህ ልቦናችሁን ይክፈተው። ጥያቄ ሲከብድሽ ከጎንሽ ያለውን አትመልከቺ፤ በድምፅ ብልጫ እንደማይሆን ከኔ ተማሪ።

ጀማሉዲን


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማሉዲን

በጤና እንዳለህ ከበሺር እሰማለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ያህል የዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። በሺር በመጣ ቁጥር "ደብዳቤ?" ሲለኝ "ገና" እለው ነበር። አሁን ከፈተናው ልጀምርልህ።

በር ላይ ጥበቃው "እናት፣ ወላጅ ከዚህ አያልፍም" አለኝ። መታወቂያዬን አሳየሁት። መታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ መታወቂያውን አየ። "ተፈታኝ?" አለ። "ተፈታኝ" አልኩት። ብድግ ብሎ ፍራሼን ተሸክሞ አስገባልኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች "ማዘር" እያሉ የታችኛውን አልጋ ለቀቁልኝ። ሀኒ ሌላ ክፍል ደርሷት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምግብ ሰልፍ ላይ አይታኝ እንደማታውቀኝ ሆና አለፈች። እኔም አላየኋትም አልሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ይገባኛል።

የፊዚክስ ዕለት ጠዋት ግን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ፊቷ ነጥቷል። "እማዬ፣ ሁሉም ጠፋብኝ" አለችኝ። አልጋዬ ላይ አስቀመጥኋት። "ፊልድ ምንድን ነው?" አልኳት። "አያቴ" አለች። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። "አያትሽ ኩታበር ሆና እኔን ምን አደረገችኝ?" "ቤት አስጠረገችሽ።" ከዚያ አንዷ ልጅ "እኛም እንስማ" አለች፣ ሌላዋም መጣች። ደወል እስኪደወል ዘጠኝ ተፈታኝ አልጋዬ ላይ ተደርድሮ ስለ አማቴ ሲያጠና ነበር።

ውጤት የመጣው መስከረም ላይ ነው። ሀኒ ከስድስት መቶ ሦስት መቶ ሃያ ሁለት አመጣች። አለፈች! ቀለሙ እንኳ፣ ጮክ ብሎ ሲናገር የማልሰማው ሰው፣ እልል አለ። ቀጥሎ የኔን ቁጥር አስገቡ። ሁለት መቶ ዘጠና አንድ። በዘጠኝ ነጥብ ወደቅሁ። እንግሊዝኛ ነው ጠልፎ የጣለኝ።

እኔ "ሽሮው አረረ" ብዬ ወደ ማጀት ሄድሁ፤ የተጣደ ሽሮ ግን አልነበረም። ሀኒ ተከትላኝ ገባች። ስልኩን ፊቴ ላይ ዘርግታ "ፊዚክሱን አይተሻል?" አለችኝ። የሷ ሃምሳ ሰባት፣ የኔ ስድሳ አንድ! "ተሳስተው ነው ያረሙት" አለች። "ያንቺን ነው የኔን?" አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ትንሽም ተጣላን።

ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ሁለት ወር ያልጻፍሁልህ ለዚህ ነው። ሁሉም ሰው በሀኒ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ አፌ ያመሰግናል፣ ሆዴ ግን ዘጠኝ ነጥቡን ይቆጥራል። እንዲህ ማሰቤ ራሱ አሳፍሮኝ ነበር። አንተ ስለ አስራ ስምንትህ ስትጽፍልኝ ምን እንደከፈልህ ያኔ ነው የገባኝ።

ሀኒ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የኮምቦልቻው ዩኒቨርሲቲ ግቢ በቅርባችን እያለ ለምን ያንን እንዳስቀደመች ብጠይቃት "እማዬ፣ የምትወጃቸውን መምህራን ሁሉ እዚህ ጥዬልሽ ነው የምሄደው፣ አመስግኚኝ" አለች። እንደገና ልፈተን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። "እንጃ" ብያት ነበር።

ትናንት ንጋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ሁለታችንም ቦርሳ አንግበናል፤ የሷ ልብስ ነው፣ የኔ ከሥራ በቀጥታ ወደ ማታ ትምህርት ቤት ልሄድ ያሰናዳሁት ነው። ማለዳ ሳልነግራት ነው የያዝሁት። ረዳቱ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ አየንና "ተማሪዋ የትኛዋ ናት? ትግባ!" ብሎ ጮኸ።

ሀኒ ቦርሳዬን አየችው፣ ዚፑ ያልተዘጋውን፣ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ብቅ ያለበትን። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞረች።

"ሁለታችንም ነን" አለችው። "እኔ ግን ሩቅ ነው የምማረው።"

አቅፋኝ ገባች። አውቶቡሱ እስኪዞር ቆሜ ወደ ፋብሪካዬ ሄድሁ።

እስክንገናኝ በያለንበት ያጽናን።
አረጋሽ፣ ተማሪ